የመኪናህን ታች ራስህ መጠገን፦ ከደሴና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ የሚመላለሱብኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቤት ውስጥ የትኛውን መሥራት እችላለሁ?

ከምታስበው በላይ ብዙ። ስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ጥምዝ ላይ እንዳይዘነበል የሚያግዝ አጭር ዘንግ)፣ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኝ ዘንግ)፣ የኋላ ሾክ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የድሮ መኪና የፊት ኩሽኔታ አጥቦ ግራሶ መሙላት፣ ክሮቼራ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ የመስቀል መገጣጠሚያ)። እነዚህ ጉልበትና ትዕግሥት እንጂ ልዩ ማሽን አይፈልጉም።

የማትነካው ደግሞ አለ። የፊት ሾክ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ ከላይ ያለውን ዳዶ ሞላውን በመጭመቂያ ሳትይዝ ብትፈታው የሚፈናጠርበት ኃይል ሰው ይገድላል። እሱን ለጋራዥ ተው።

በመሀል ያሉት ሥራዎች ላይ ነው ገንዘብ የሚተርፈው። ለምሳሌ የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ በፕሬስ ነው የሚገባው፤ ቤትህ ፕሬስ የለህም። ግን ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ብረት ራስህ ፈትተህ በፌስታል ይዘህ ቶርኖ ቤት ብትሄድ፣ የምትከፍለው ለማስወጣትና ለማስገባት ብቻ ነው። የመፍታትና የመግጠሙ ዋጋ ኪስህ ይቀራል።

የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

መጀመሪያ መኪናህን እይ። የጃፓን መኪና ከሆነ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቁጥር ቁልፍ አብዛኛውን ሥራ ይጨርስልሃል። ላዳ ከሆነ 13 ያስፈልግሃል፤ 12 እና 14 ብዙም አትነካቸውም። ሰው ሙሉ ሳጥን ቁልፍ ገዝቶ ግማሹን ሳይነካው ያስቀምጣል፤ ይልቅ ጥቂት ጥሩ ቁልፍ ግዛ። ርካሽ ቁልፍ ጥርሱ ይበላና የብሎኑን ራስ ያከበዋል፣ ከዚያ ያ ብሎን ከቁልፉ በላይ ያስወጣሃል።

የተቀረው ክሪክ፣ ሁለት የብረት ስታንድ፣ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ እና ቁልፉን የምታስረዝምበት ቱቦ ነው። የማጥበቂያ ልክ የሚያሳየውን ቶርክ ቁልፍ መግዛት የለብህም፣ ተዋስ። ግን ተጠቀምበት፤ የኮሮላና የቪትዝ የጎማ ዳዶ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቱቦ አስገብቶ በእግር መርገጥ አያስፈልገውም።

ግቢዬ ዳገት ነው። ክሪኩን የት ላቁም?

ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ግማሽ ሥራ ነው፣ እውነት ነው። ቢሆንም ዳገት ላይ መኪና አታንሳ። ደልዳላ ግቢ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት አታጣም፣ ቡና አፍላልኝ ብለህ እዚያው ሥራ። ክረምት ላይ መሬቱ ስለሚላላ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፍ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የሚከተለውን ነው። የኋላ ጎማ ነጂ መኪና፣ ላዳ ወይም የድሮ ሃይሉክስ፣ ኋላው ሁለቱም ጎማ ከተነሳ የእጅ ፍሬኑም ማርሹም አይጠቅሙህም። ሁለቱም የሚይዙት የኋላውን ጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ አየር ላይ ነው። ፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ስታንድ ሳታስገባ ከሥር አትግባ፣ ለአንዲት ብሎንም ቢሆን። ብሎኬት ደርድሮ ማቆም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የፈታኸውን ጎማም ከቻሲው ሥር አጋድመው፣ የመጨረሻ ዋስትና ነው።

ብሎኑ ዝጎ አልፈታ አለኝ። ምን ላድርግ?

አትታገለው። ከዋዜማው ጀምሮ ላምባ ወይም ናፍታ እየቀባህ አሳድረው። ጠዋት ክሩን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ራሱን በመዶሻ ጥቂት ምታ፣ ከዚያ ከመፍታትህ በፊት ትንሽ አጥብቀው። ዝገቱ የሚሰበረው መጀመሪያ በነቃነቅከው ጊዜ ነው፣ በየትኛውም አቅጣጫ ይሁን። እሳት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ላስቲክ፣ የፍሬን ቱቦ ወይም ሳልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) አጠገብ ግን ጭራሽ አይታሰብም።

ኮብልስቶን ላይ ከፊት "ጓ ጓ" ይላል። ምኑ ነው?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፣ ብዙ ሰውም ሾኩ ነው ብሎ ሾክ ገዝቶ ድምፁን ይዞት ይቀጥላል። በትንንሽ ጉድጓድና በኮብልስቶን ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያንኳኳ ድምፅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስታቢላይዘር ሊንኩ ነው። ርካሽ ነው፣ ሁለት ዳዶ ነው፣ መፈተሹም ቀላል ነው፦ ሊንኩን ፈትተህ በዝግታ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር በል። ድምፁ ከጠፋ አገኘኸው። ፈትተኸው ግን በፍጥነት አትንዳ፣ መኪናው ጥምዝ ላይ ይዘነበላል።

ካልጠፋ፣ ረዳት ጥራ። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ረዳትህ መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ እያወዛወዘ አንተ ታይሮዱን በእጅህ ያዝ። ክፍተት ካለ እጅህ ላይ ይመታሃል። ከዚያ ፊቱን አንሳና ጎማውን ላይና ታች ይዘህ ነቅንቅ። ከተነቃነቀ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ከቀጠለ ጎማውን ከታችኛው ክንድ (አርም) ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት ነው። ይቺን አንዲት ዘዴ ያወቀ ሰው ጋራዥ ሄዶ "ሁሉም መቀየር አለበት" ሲባል ዝም ብሎ አይከፍልም።

ሊንክ ጥቂት ቀን ይታገሥሃል። ታይሮድና የታችኛው ቦል ጆይንት አይታገሡም። ቦል ጆይንቱ ከተነቀለ ጎማው ይታጠፍና መኪናው መሪ አልባ ይሆናል። በሲሪንጅ ግራሶ አስገብቶ ማዘግየት የሚባል ነገር አለ፣ ድምፁን ያጠፋዋል፣ ክፍተቱን ግን አያጠፋውም። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ለሚወርድ ሰው አልመክረውም።

አስፋልት ላይ ፍጥነት ስጨምር "ሁ…" የሚል ድምፅ አለ። ኩሽኔታ ነው ጎማ?

ቀስ ብለህ መሪውን ወደ ግራ ሰበር አድርግ። ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ድምፁ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ወደ ቀኝ ስትሰብር ከጨመረ የግራው። በምንም ካልተለወጠ የፊቱንና የኋላውን ጎማ አቀያይር። ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ ያልተስተካከለ የጎማ መበላት ነው፣ ኩሽኔታ ለመግዛት አትቸኩል።

እንደ ላዳና የድሮ ሃይሉክስ ያሉት የፊት ኩሽኔታቸው ይፈታል፣ ይታጠባል። በላምባ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በብርሃን እየው። የተቦረቦረ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ቦታ ካለ አይመለስም፣ ቀይረው። ንጹሕ ከሆነ አዲስ ግራሶ በመዳፍህ እየጫንክ በሮለሮቹ መሀል እስኪወጣ ሙላ። የድሮውን ግራሶ ጠርገህ አውጣ፣ አታደባልቅ። በኮምፕረሰር አየር እያሽከረከርክ አታድርቀው።

ስትገጥመው ጎማውን በእጅህ እያሽከረከርክ ዳዶውን ከበድ እስኪል አጥብቅ፣ ከዚያ ጥቂት መልሰህ ላላ፣ በነፃ የሚዞር ግን የማይነቃነቅ ይሁን። አዲስ የሽቦ መቆለፊያ አስገባ። አጭር መንገድ ነድተህ መሀሉን በእጅህ ንካ፤ ከሌላው ጎን በጣም የሚሞቅ ከሆነ አጥብቀኸዋል ማለት ነው።

መሪውን ሙሉ አዙሬ ስነሳ "ጠቅ ጠቅ" ይላል። ሲቪ ጆይንቱ አለቀ?

አዎ፣ የሴሚያሱ (ጉልበትን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) የውጪው መገጣጠሚያ አልቋል። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከላስቲክ ሽፋኑ ነው። ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግራሶው ይረጫል፣ የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ይገባል፣ ከዚያ ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ መኪናውን ባነሳህ ቁጥር ላስቲኮቹን እይ፣ የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ካየህ ጊዜህ ደርሷል።

ጠቅ ማለት ሳይጀምር ከደረስክበት አጥበህ፣ ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁሩን ግራሶ ሞልተህ፣ አዲስ ላስቲክ ብታለብሰው ዕድሜው ይቀጥላል፤ ወጪው የላስቲክና የግራሶ ነው። ጠቅ ማለት ከጀመረ በኋላ ግራሶ መሙላት ድምፁን ለጊዜው ያፍነዋል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም። ከከተማ ርቀህ ላስቲኩ ቢቀደድብህ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጠህ ጠምጥመህ እሰረው፣ ቤት ያደርስሃል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቅበት።

የሴሚያሱ ትልቁ ዳዶ በኮሮላና በቪትዝ 30 ቁጥር ነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬን ተረግጦ አላላው፤ መኪናው ተነስቶ ልታገለው ካልክ ከስታንዱ ልታወርደው ትችላለህ።

ሾክ ተከፍቶ ዘይት ሲሞላ አይቻለሁ። ያዋጣል?

ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አያዋጣም። ሾክ ዘይት የሚያፈስሰው ማኅተም ላስቲኩና ዘንጉ ስለተበሉ ነው፣ በዚያው በተበላው በኩል አዲሱም ዘይት ይወጣል። ጋዝ ያለውን ሾክ ደግሞ መብሳት አደገኛ ነው። መኪናውን በማዕዘኑ ተጭነህ ልቀቀው፤ አንዴ ተነስቶ ካልቆመና ሁለቴ ሦስቴ ከተወዛወዘ ሾኩ ሞቷል። ጥንድ ጥንዱን ቀይር፤ አንዱን ብቻ ብትቀይር ፍሬን ስትይዝ መኪናው ይጎትትሃል። ብር ካነሰ የፊቱን ጥንድ አስቀድም፣ የኋላው ለሌላ ወር ይቆይ።

የባሌስትራ ቅጠል ተሰበረ። ይበየድ?

አይበየድ። ባሌስትራ (በቅጠል በቅጠል የተደራረበው የብረት ሞላ) የሚታጠፍና የሚመለሰው በእሳትና በማቀዝቀዝ ልዩ ጥንካሬ ስለተሰጠው ነው። የብየዳው ሙቀት ያንን ያጠፋዋል፣ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት እንደ ሸክላ ይሆንና ከቆቦ ማሽላ ጭነህ ስትመጣ ዳግም ይሰበራል። ሞላ በእሳት ማሳጠርም ያው ነው።

አንዲት ቅጠል ብቻ መቀየር ግን ይቻላል። ስፋቱና ውፍረቱ የሚመሳሰል ያገለገለ ቅጠል ካገኘህ በልኩ ይቆረጣል። የመሀሏን ብሎን ስትፈታ ቅጠሎቹ ስለሚፈናጠሩ በግራና ቀኝ በማጣበቂያ ይዘህ ቀስ እያልክ ልቀቅ። የዩ ቅርጽ ያላቸውን ብሎኖች አዲስ ግዛ፣ አንዴ የተሳቡ ናቸው። ከጥቂት ጉዞ በኋላም እንደገና አጥብቃቸው፣ ሁልጊዜ ይላላሉ።

"አንድ ቅጠል ጨምሬ ጭነት ልጨምር?" የሚል ይከተላል። ቅጠሉ ቁመናውን ያነሳዋል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው።

ያገለገለ ኦርጂናል ልግዛ ወይስ አዲስ ኮፒ?

እንደ ዕቃው ነው። አርም፣ የጎማ መያዣ ብረት፣ ዲፈረንሻል የመሳሰለው ወፍራም ብረት ያገለገለ ኦርጂናል ቢሆን ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። ኩሽኔታ፣ ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ፣ ማንኛውም ላስቲክ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ የምትገዛው የሌላ ሰው የቀረ ዕድሜ ነው። በነዚህ ላይ 555፣ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ካያባ የሚሉ ስሞች ጥሩ ናቸው፣ ስለዚህም አስመስለው የሚሠሯቸው ብዙ ናቸው። ካርቶኑን አትመን፣ ዕቃውን እይ። ጽሑፉ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ ተቀርጿል? ቦል ጆይንቱ በእጅ ሲገፋ ከበድ ይላል ወይስ ገና ከካርቶን ወጥቶ ይወላወላል?

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚያስመጣ ሰው፦ የድሮውን ዕቃ ፎቶና የቻሲ ቁጥሩን ላክ፣ "የኮሮላ ታይሮድ" ብቻ ብለህ አትላክ። ልኩ ያልሆነ ዕቃ ወደ ደሴ መጥቶ ሲመለስ የአውቶቡሱ ወጪ ትርፍህን ይበላዋል።

ኩሽኔታ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ቁጥሩ ራሱ ላይ ተጽፏል፣ ቁጥሩም ዓለም አቀፍ ነው። 6204 የሚል ካየህ የውስጡ ቀዳዳ 20፣ የውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም ቢሠራ። እንዲህ ያለውን ተራ ኩሽኔታ የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅም ሊኖረው ይችላል፣ "የመኪና" ሲባል የሚጨመረው ዋጋ ሳይጨመርበት። ለጎማ ኩሽኔታ የተለየ ቅርጽ ካለው ግን ይሄ አይሠራም።

ሐረጎን ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ፍሪሲዮን ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ትወጣለህ፣ ፍሪሲዮን ካለቀ እዚያ ነው የሚጋለጠው። ግን ለይ። ሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ጠረንም ካለው፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ዙሩም ፍጥነቱም ካልጨመሩ ችግሩ ሞተሩ ጋር ነው፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደህና ሞተርም ቢሆን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አብሽር።

መንሸራተቱ ከታወቀ ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ፔዳሉን እይ። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ከላይ ምንም ነፃ ቦታ ከሌለው ገመዱ በጣም ተወጥሮ ይሆናል፣ ሁሌም ግማሽ እንደተረገጠ ነው ማለት ነው። ማላላት በነፃ ነው። ተቃራኒው ችግር፣ ማርሽ አልገባ ማለትና ፔዳሉ መለስለስ፣ በፈሳሽ በሚሠራው ላይ ብዙ ጊዜ የጎሚኒ (የፓምፑ የላስቲክ ማኅተም) ወይም የአየር ጉዳይ ነው። ጎሚኒዋ ትንሽ ብር ናት፣ ቤት ትቀየራለች። የምትሞላው የፍሬን ዘይት ብቻ ይሁን፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

የፍሪሲዮኑ ሸራ ራሱ ካለቀ ካምቢዮ ይወርዳል። እሱን ለብቻህ ደረትህ ላይ ይዘህ ለማውረድ አትሞክር። ከወረደ ደግሞ ሸራውን፣ ሳህኑንና መግፊያ ኩሽኔታውን በአንድ ጊዜ ቀይር፣ ድካሙ ያው ስለሆነ።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፣ ሻጩ "ያው ነው" ቢልህም። ለኋላ ዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚለው፣ ብዙ ጊዜ 80 ደብሊው 90፣ ተገቢ ነው። ብዙ የእጅ ማርሽ ካምቢዮዎች የሚፈልጉት ግን ጂኤል 4 ነው፤ ጂኤል 5 ውስጥ ያለው ቅመም ማርሽ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። የመኪናህን መጽሐፍ እይ።

ስትቀይር መጀመሪያ የመሙያውን ብሎን ፍታ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። ዘይቱን አፍስሰህ ስታበቃ የመሙያው አልፈታ ቢልህ መኪናህ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀራል። ደልዳላ መሬት ላይ በመሙያው አፍ መፍሰስ እስኪጀምር ሙላ፣ በቃ። በወጣው ዘይት ውስጥ ደቃቅ ብናኝ ያለ ነው፣ የጥርስ ስባሪ ካየህ ግን ዘይት መቀየር መፍትሔ አይደለም።

ክሮቼራ በሞርሳ ብቻ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል። ማርሽ ስታስገባ "ጓ" ካለ ወይም ከመቀመጫህ ሥር ንዝረት ካለ ረጅሙን ዘንግ በእጅ አዙረህ ክፍተቱን እይ። ከመፍታትህ በፊት ዘንጉና የዲፈረንሻሉ ፊት የተገናኙበትን በምስማር ጭረህ ምልክት አድርግ፣ ተንሸራታቹ ጫፍ የገባበትንም እንዲሁ። ያ ምልክት ከሌለ መልሰህ ስትገጥመው በግማሽ ዙር ይዞርና ቀድሞ ያልነበረ ንዝረት ትፈጥራለህ።

የቀለበት መቆለፊያዎቹን በፒንሳ አውጣ። ከዚያ በአንድ በኩል ትንሽ የሶኬት ቁልፍ፣ በሌላው ትልቅ አድርገህ በሞርሳው ጨምቅ፤ ትንሹ ይገፋል፣ ትልቁ ይቀበላል። አዲሱን ስታስገባ በኩባያዎቹ ውስጥ ያሉት መርፌ የሚያካክሉ ብረቶች እንዳይወድቁ ግራሶ ይያዛቸው። ጨምቀህ አልገባ ካለ አንዷ መርፌ ተጋድማለች፤ መዶሻ አታንሳ፣ አውጥተህ አስተካክል።

የአርም ቡሽ አዲስ ቀይሬ ወዲያው ተቀደደ። ዕቃው ኮፒ ነው አይደል?

ላይሆን ይችላል። ይሄን ጋራዥም ይሳሳተዋል። የላስቲክ ቡሽ ውስጡ ያለው ብረት ብሎኑ ሲጠብቅ አይዞርም፣ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። መኪናው ተነስቶ አርሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑን ካጠበቅከው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ከጅምሩ ተጠምዝዞ ይኖራል። ጉድጓድ ሲመጣ ተጨማሪ ይጠማዘዝና ይቀደዳል።

ስለዚህ ብሎኑን በእጅ ብቻ አስገባ፣ ጎማውን ግጠም፣ መኪናውን አውርድ፣ ፊቱን ተጭነህ አወዛውዝ፣ የመጨረሻውን ማጥበቅ ክብደቱ ጎማው ላይ እያለ ጨርስ። ከሥር ለመግባት ቦታ ካጣህ ጎማዎቹን ወፍራም ጣውላ ላይ አሳርፍ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ቡሽም አለ፣ ርቆ ለቀረ ሰው ማውጫ ነው፤ ልኩ ስለማይጠበቅ መሪው ይንቀዋለላል።

ታይሮድ ከቀየርኩ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው?

ግዴታ ነው፣ ግን እስከዚያ ለመንዳት የሚበቃ ልክ ቤት መያዝ ትችላለህ። የድሮውን ስታወጣ ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቁጠርና አዲሱን በዚያው ዙር አስገባ። የቆንጠጠውን ጫፍ ለማላቀቅ ክሩን በመዶሻ አትምታ፤ ጫፉ የተቀመጠበትን ብረት ከጎኑ ምታው፣ ራሱ ይዘላል።

ከዚያ ክር ወጥር። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ጎን ለጎን በመሀላቸው ቁመት ክር ዘርጋ፣ በሁለቱም በኩል፣ የክሮቹም ርቀት ከፊትም ከኋላም እኩል ይሁን። መሪው ቀጥ ብሎ እያለ ከክሩ እስከ ፊት ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ለካ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ወይም ፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ከገባ ለጊዜው ይበቃል። ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ታይሮዱን በሁለቱም በኩል እኩል አዙር፤ አንዱን ብቻ ካዞርክ መኪናው ቀጥ ይሄዳል፣ መሪህ ግን ጠማማ ይቆማል። በዚያ ልክ ቀስ ብለህ እስከ አላይመንት ቤት ንዳ፣ ጎማህን ሳይበላብህ።